ጉርሻና ግርሻ

ይህን የምጽፈው ግማሽ ጎኑ ለደረቀበት ሰው አይደለም። እሱ የደረሰበትን ያውቃል። የምጽፈው አጠገቡ ለተቀመጠችው ሚስቱ፣ ለወንድሙ፣ ለእናቱ ነው። ማንበብ የማይችሉ ከሆነ የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጉ። እኔም እስክታመም ድረስ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ በሽታው ነው። ከዚህ ሌላ የዋለልኝ ውለታ የለም።

የቢቸና ሰው ነኝ፤ ታደገ እባላለሁ። ሥራዬ አናጢነት ነበር። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የሬሳ ሣጥን እሠራ ነበር። መስከረም ላይ አንድ ባላገር ያዘዘኝን በር ስጠርብ መሮው ከእጄ ወደቀ። አነሣሁት። ደግሞ ወደቀ። ጣቶቼ እዚያው መዳፌ ላይ ናቸው፤ ግን የሌላ ሰው ጣቶች መሰሉኝ። ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ዙሪያውን ቃኘሁና እጄን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ ቁጭ አልኩ። ብርድ ነው አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ከመደቡ ስነሣ ቀኝ እግሬ አልተከተለኝም፤ ተደፋሁ። ሚስቴን ልጠራ አፌን ብከፍት የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም።

ሚስቴ ይታይሽ ትባላለች። ሮጣ መጥታ ፊቴን እንዳየች ነጠላዋን አውልቃ ሸፈነችኝ። አፌ ወደ ግራ ተጣሞ ነበርና ጎረቤት እንዳያይብኝ ነው።

እናቴ «ምች ነው» አለች። ዳማከሴ ተቀጥቅጦ ተጨመቀልኝ፤ በአፍንጫዬም ገባ፣ ገላዬንም ተቀባሁት። ቤቱ ሁሉ ዳማከሴ ዳማከሴ ሸተተ። ምች ግን አልነበረም። ቀጥሎ «ቀትር ላይ ወንዝ ዳር እንጨት ሲቆርጥ ለክፎት ነው» ተባለና ጸበል ወሰዱኝ። ጸበሉን አላማም። እዚያ ከኔ የባሰበትን ሰው አይቼ አፌን ዘጋሁ። እጄ ግን ከትከሻዬ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥላ ሄደች፤ እንደዚያው ተንጠልጥላ ተመለሰች።

ከዚያ ክሊኒክ። የክሊኒኩ ሰው ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ «ቁርጥማት ነው» አለና መርፌ ወጋኝ። በሌላው ሳምንትም ወጋኝ። ከጠዋት ጀምሮ በረንዳው ላይ ግድግዳ አስደግፈው ያስቀምጡኛል። እዚያ በረንዳ ላይ የተማርኩትን ልንገራችሁ፦ መቆም የማይችል ሰው ተራ የለውም። በሩ ሲከፈት የቆመው ይገባል። ይታይሽ ስትለማመጥ እሰማለሁ፤ «አባቴ፣ እኛ ቀድመን ነው የመጣነው» ስትል። እኔ መሳደብ እፈልጋለሁ፤ ምላሴ እንቢ ይላል።

በመጨረሻ በሬ ሸጠን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ የባሕር ማዶ ሰው ነበር፤ በአስተርጓሚ አናገረኝ። በአንጎሌ ውስጥ ደም የሚያመላልስ ሥር መደፈኑን፣ ያም ከደም ግፊት መምጣቱን ነገረኝ። ጨው ቀንስ አለ። ክኒን ሰጠኝ። ስለ እጄ ስንጠይቀው አስተርጓሚው «ከተመለሰ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ እንግዲህ…» ብሎ እዚያው ላይ ቆመ። ሐኪሙን አልጠላሁትም። ከሁሉም ያልዋሸኝ እሱ ነው። ግን «እንግዲህ» ይዞ ቤት መግባት ከባድ ነው። ሌሊት ሌሊት ቀኝ እጄን በግራ እጄ ይዤ እተኛ ነበር፤ ከለቀቅኋት የማትመለስ እየመሰለኝ።

በዚህ መሐል ሰይድ የሚባል የሞጣ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ቢቸና ገበያ ሲመጣ ቤቴ ጎራ አለ። ሣጥን ሠርቼለት ነበር። ባለፈው ዓመት ወገቡን ታሞ በበቅሎ ላይ እንደ ጆንያ ተጭኖ ሲሄድ አይቼው ነበር፤ አሁን ጎንበስ ብሎ በራችንን ገባ።

«ሞጣ አንዲት ሴት አለች» አለ። «መድኃኒት አትሰጥም። መርፌ የላትም። የምታደርገውን ብነግርህ ትስቃለህ። ‹ስትሰግድ አሳየኝ› አለችኝ። ሰገድኩላት። የትኛው ጎንበስ ሲል እንደሚያመኝ፣ ከየትኛው ስነሣ እንደምቃስት አየች። ከዚያ የገዛ ሶላቴን ቀስ በቀስ አስተማረችኝ። አላህ ይይልኝ፣ ክርስቲያን ሆና።»

ይታይሽ ሳቀች። ከታመምኩ ጀምሮ ስትስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ግንቦት ላይ በቃሬዛ ተሸክመውኝ ወደ ሞጣ ወጣን። ሸክሙን ያስተባበረው ታላቅ ወንድሜ አያ ፈንታ ነው። ጉልበት አለው፤ አፍም አለው። ሰው ሲናገር ቃል ከሳተ ሳያርም አያልፍም። ይታይሽ የመንገዱን ስንቅ ተሸክማ ከኋላ ትከተላለች።

የሴትዮዋ ቤት ከገበያው ዝቅ ብሎ ከመስጊዱ ማዶ ነበር። የተከራየችው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ወለሉ ላይ ሰሌንና አጎዛ ተነጥፏል፤ ከጣራው ገመድ ተንጠልጥሏል። ወይዘሮ ጫልቱ ይባላሉ። ሰው ሁሉ እትዬ ጫልቱ ነው የሚላቸው። የወለጋ ሴት ናቸው። አዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ እግራቸው የሰለለ ልጆችንና እጅ እግራቸው የተቆረጠ ሰዎችን ሲያለማምዱ ኖረው፣ ባላቸው መምህር ሆነው ሞጣ ሲመደቡ አብረው መጡ። ባል ሞቱ። እሳቸው አልተመለሱም። ያቺን ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ሥራ ጀመሩ።

ከተማው ምን ብሎ እንደሚጠራቸው ቸግሮት ነበር። አንዱ ወጌሻ ይላል፣ አንዱ ገላ አሺ ይላል፣ ቄሶቹ በሩቁ ያያሉ። እሳቸው ወጌሻ ሲሏቸው ይቆጣሉ። «ወጌሻ ይጠግናል። እኔ አልጠግንም። የሚጠግነው ራሱ ታማሚው ነው፤ እኔ እጨቀጭቀዋለሁ» ይላሉ። እውነት ነው፤ እንደሳቸው ያለ ጨቅጫቃ አላየሁም።

እጄን ከመንካታቸው በፊት ግማሽ ቀን ጠየቁን። መደባችሁ ከፍ ይላል ዝቅ? በራችሁ ደፍ አለው? በየትኛው ጎኑ ይተኛል? ሥራው ምንድን ነው? ከማን ጋር ተኳርፏል? አያ ፈንታ ሰለቸውና «እትዬ፣ የታመመው እጁ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም» አላቸው። እሳቸውም «እጁን ብቻ ቆርጣችሁ ብታመጡልኝ ኖሮ እጁን ብቻ አይ ነበር» አሉት። ተሸካሚዎቹ ሳቁበት። አያ ፈንታ ይህቺን ሳቅ አልረሳላቸውም።

ሁለት ሕመምተኞችም አይቻለሁ። አንዱ እግራቸው የዛለባቸው አዛውንት ቄስ ናቸው፤ እትዬ ጫልቱ የሰጧቸው ክራንች ሳይሆን የገዛ መቋሚያቸውን ነው። ቀስ ብለው እያዜሙ ያሸበሽባሉ፤ ዜማው ሲነሣ እግራቸውም ይነሣል። ሁለተኛዋ ከወሊድ በኋላ ዳሌዋ የያዛት ወጣት ናት፤ እሷን እንዝርት አስይዘው ቆማ እየፈተለች ያራምዷታል። ለሁሉም አንድ ዓይነት የለም። ለኔ የተቆረጠ ሳንቃ አመጡ፤ የደረቀችውን እጄን በላዩ አስተኝተው በራሳቸው እጅ ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ገፏት፤ መላጊያ እንደያዝኩ አስመስለው። ጣቶቼ እንጨቱን ዐወቁት። እንዴት እንደሆነ አልገልጽላችሁም፤ ዐወቁት።

እዚያ እንድከርም ፈለጉ። ግን ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ተሸካሚዎቹን እርሻ ይጠብቃቸዋል፤ ክረምቱ ከገባ ወንዙ አያሻግርም። ልንሄድ ስንነሣ እትዬ ጫልቱ ይታይሽንና አያ ፈንታን አቁመው እጄን እንዴት እንደሚያጥፉና እንደሚዘረጉ አሳዩአቸው። ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ከሁሉ በላይ ጉርሻ ተጠንቀቁ። ዋናው ጠላታችሁ ጉርሻ ነው። ጉርሻ ከገባ እጁን እርሱት።»

አሁን የሳቸውን አማርኛ ልንገራችሁ። ጥሩ አማርኛ ነው፤ ግን አንዳንድ ፊደል አፋቸው ላይ ይንሸራተታል። ግድግዳን «ጉድጉዳ» ይላሉ። ግመልን «ጉመል» ይላሉ። እኛ ደግሞ የጎጃም ሰዎች ነን፤ አማርኛ እኛ ዘንድ የተወለደ ይመስለናል።

ወንዙ ዳር ልናርፍ ቃሬዛው ሲወርድ ይታይሽ «ጉርሻ ተጠንቀቁ አሉን እኮ። ጉርሻን ምን አድርጉት ነው የሚሉን?» አለች።

አያ ፈንታ እግሩን እየታጠበ ሳቀባት። «አንቺ ደግሞ። ግርሻ ልትል ነው እንጂ። ግድግዳውን ጉድጉዳ ስትል አልሰማሽም? በሽታው እንዳያገረሽበት ነው የምትለው። ለታመመ ሰው ጉርሻ ምን ያደርጋል? ቢጎርስ ይፋፋል።»

ተሸካሚዎቹም «ልክ ነው፤ ግርሻ ነው» አሉ። ይታይሽ ጥቂት አሰበችና «ልክ ነህ፣ አያ። ግርሻ ነው» አለች። እኔ ትክክለኛውን ሰምቼ ምላሴ ከለከለኝ ብል ያምርብኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። እኔም ግርሻ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ግርሻን የፈራ ሰው ታማሚውን አያንቀሳቅስም። ክረምቱን በሙሉ ይታይሽ ተኛ አለችኝ፤ ተኛሁ። ልነሣ ስል ደረቴን ገፋ አድርጋ ትመልሰኛለች። እጄን ማጠፍና መዘርጋቱንም «ትንሽ ጠንከር ሲል» ተባለና ተተወ። ምግብ በመጣ ቁጥር አጠገቤ ቁጭ ብላ ታጎርሰኛለች። ጠቅለል አድርጋ፣ ከወጡ እያጠቀሰች፣ ትኩስ መሆኑን በከንፈሯ እየሞከረች። ግራ እጄን እንኳ እንዳነሣ አትፈቅድም። ግርሻ እንዳይመጣ በየቀኑ ጉርሻ ሰጠችኝ። እኔን ስታጎርስ እሷ መብላት ትረሳለች፤ ከሳች። የሷ መክሳት እንጂ የኔ ጣቶች አንድ በአንድ ወደ መዳፌ መታጠፍ አልታየንም። መስቀል ሲደርስ ቡጢ ሆነው ቀርተው ነበር። ጥፍሬ ቆዳዬን በስቷል።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲደርቅ ተመለስን። እትዬ ጫልቱ ቡጢዬን አዩት። ጣቶቼን ሊፈለቅቁ ሞከሩ። ጮህኩ።

«ማነው የሚያበላው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች ይታይሽ፤ ፊቷ በራ። «አንድ ቀን እንኳ እጁን አላስነሣሁትም። እንዳዘዙን ነው ያደረግነው።»

«ምን አዘዝኳችሁ?»

«ግርሻ እንዳይመጣ ተጠንቀቁ አሉን።»

«እንደገና በይው።»

«ግርሻ።»

እትዬ ጫልቱ ጣቶቻቸውን ሰበሰቡ። ባዶ እጃቸውን፣ እንጀራ የያዙ አስመስለው፣ ቀስ ብለው ወደ ይታይሽ አፍ ወሰዱና ከንፈሯ ላይ አቆሙት።

«ይሄን» አሉ። «የከለከልኩት ይሄን ነው።»

አዛውንቱ ቄስ ማሸብሸባቸውን አቆሙ። ይታይሽ ዘወር ብላ አያ ፈንታን አየችው። እኔም አየሁት። እሱ ዱላውን ያይ ነበር። «ብያችሁ ነበር» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። መሬት ቁጭ አለችና ቡጢ የሆነችውን እጄን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ጥፍሬ የበሳውን ጠረገችው።

እትዬ ጫልቱ «አታልቅሺ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሏት። «ቃል ብቻ አስይዤ ሰደድኳችሁ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ቤት የሚወጣ ቤተሰብ የተባለውን በአፉ ቢናገር አይቀበሉትም ነበር። «በእጃችሁ አሳዩኝ» ይላሉ። ባል ሚስቱን ሲያነሣ፣ እናት ልጇን ስታገላብጥ፣ አጠገባቸው ቆመው እስኪያዩ ድረስ አያሰናብቱም። ይህ አሠራር ከኔ እጅ የወጣ ነው።

ቢቸና የደረሰው ወሬ ግን ሌላ ነበር። «ሚስቱ እያጎረሰች ሽባ አደረገችው» ነው የተባለው። አያ ፈንታ የወንዙ ዳሩን ነገር ለማንም አልተነፈሰም። እኔ ለእናቴ እውነቱን አስነግሬላት ነበር፤ አልሰማችም። ልትጠይቀኝ ሞጣ ስትመጣ ይታይሽን «አቅፈሽ ጣልሽብኝ» አለቻት። ይታይሽ የእናቴን እግር አጥባ ምሳ አቀረበችላት።

እናቴ ከሄደች በኋላ ነው ያንን ቃል ያወጣችው። እትዬ ጫልቱም ይሰማሉ፣ እኔም እሰማለሁ።

«ካሁን በኋላ ላጎርስህ እጄን ብዘረጋ ይቆረጥ። እኔም ከማንም እጅ አልጎርስም። የምጎርሰው ከዚህች እጅ ነው» አለችና ቡጢዬን መታ መታ አደረገቻት።

«ከጠበቅሽ ትጎርሺ ይሆናል» አሉ እትዬ ጫልቱ፤ ከሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው።

ያን በጋ ሞጣ ከረምን። ይታይሽ ከቤቱ ጓሮ አንዲት ጥግ ተከራይታ ጠላ ትሸጣለች፤ እኔ እለማመዳለሁ፤ ምላሴም ቀስ በቀስ ተፈታ። ጣቶቼን በሞቀ ውሃ ዘፍዝፈው፣ ዘይት ቀብተው፣ አንድ በአንድ ይፈቷቸዋል። ያማል። ያማል ስላቸው «ታዲያ ሕይወት አለበት ማለት ነው» ይላሉ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር በየሳምንቱ ግፊቴን ይለካል፤ ሰውዬውና እሳቸው ሕመምተኛ ይለዋወጣሉ፤ ተኮራርፈውም ያውቃሉ። የቤት ኪራይ የሚከፍሉት ሰው እንዳመጣላቸው ነው፤ አንዱ እህል፣ አንዱ ዶሮ። እኔ ገንዘብ አልቆብኝ ነበርና በግራ እጄ ሁለት የመደገፊያ አጣና ልጬ ጎንና ጎን ተከልኩላቸው፤ እግሩ የዛለ ሁሉ ያንን ይዞ ይራመዳል። ጠማማ ነው። በሕይወቴ የሠራሁት ጠማማ ሥራ እሱ ብቻ ነው፤ እስካሁንም እዚያው አለ።

ጣቶቼ መላቀቅ ሲጀምሩ እትዬ ጫልቱ ገበታ ላይ አሸዋ ነስንሰው አመጡ።

«መጻፍ ትችላለህ?»

«የለም።»

«ጥሩ። እጅህ የለመደችው መጥፎ ልማድ የለም ማለት ነው።»

ጣቴን ይዘው አሸዋው ላይ ሁለት ፊደል ጻፉ። «ይቺ ጉ ናት። ጎኗ ላይ ጭረት አለቻት። ይቺ ግ ናት።» ሁለቱን አተኩሬ አየኋቸው። ተመሳሳይ ናቸው። በዚያች አንዲት ጭረት ነው አንድ ክረምት ሙሉ የተኛሁት። ሌላ ሰው ከ«ሀ» ይጀምራል፤ እኔ ከነዚህ ነው የጀመርኩት። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ። ይታይሽም ጠላዋን ትታ አጠገቤ ቁጭ ትልና በጣቷ ትሞክራለች። እሷ ከኔ ትቀድም ነበር። «ያንተ ጉ የታመመች ናት» ብላ ትስቅብኛለች። እትዬ ጫልቱ በበኩላቸው በኦሮምኛ ቃል ይሰጡኛል፤ እኔ ስጠራው ዓይናቸው እንባ እስኪያቅር ይስቃሉ። ያኔ ገባኝ፤ ሰው ሁሉ አፉ የሚንሸራተትበት ቦታ አለው።

ልጃችን ደብረ ወርቅ ተድራ ነበር፤ አማቾቿ ለሰርግ ድግስ ጠሩን። እኔ መሄድ አልቻልኩም፤ ይታይሽ ሄደች። የልጃችን አማት ራሳቸው ተነሥተው ይታይሽን ሊያጎርሷት እጃቸውን ሲዘረጉ ፊቷን አዞረች። የአማት ጉርሻ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ስለት ተስያለሁ» ብላቸዋለች፤ አላመኗትም። ልጃችን አልቅሳ ለመነቻት። አልጎረሰችም። ስትመለስ ይህን ስትነግረኝ «ቶሎ በል እንግዲህ፤ ዘመድ ጨርሼልሃለሁ» አለችኝ።

አውራ ጣቴ ከመሐል ጣቴ ጋር የተገናኘችው ከፋሲካ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሽምብራ አነሣሁ። ቀጥሎ እንጀራ ቆረስኩ። ወደ ራሴ አፍ መድረስ ቻልኩ፤ እየተንቀጠቀጠ፣ ግማሹ ጢሜ ላይ እየቀረ። ወደ ሌላ ሰው አፍ መዘርጋት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ክርኑ መፈታት አለበት፣ ትከሻው መከተል አለበት። እትዬ ጫልቱ «ገና ነው፤ ቤትህ ሄደህ ቀጥል። በእጅህ አሳየኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። ክረምት ሳይገባ በበቅሎ ላይ ተቀምጬ ቢቸና ገባሁ። በደፋችን ላይ በእግሬ ተሻገርኩ። ጎረቤቱ አለቀሰ።

ሐምሌ ላይ ይታይሽ ተኛች።

ራሷን ያዛት፤ ተንቀጠቀጠች፤ ገላዋ እንደ ምጣድ ጋለ። ተስቦ ነበር፤ በዚያ ክረምት ብዙ ቤት ገብቷል። ክሊኒኩ መድኃኒቱ አልቋል፣ መንገድ ሲከፈት ይመጣል አለ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ስይዝ በቀኝ እጄ ነው። እጄን ለዚህ ያስፈታኋት አልመሰለኝም ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን አላባትና በረደላት። ዓይኗን ገለጠች። «ራበኝ» አለች። እናቴ ደስ ብሏት የሽሮ ፍትፍት ይዛ መጣች፤ ልታጎርሳት ስትጠጋ ይታይሽ ራሷን ነቀነቀች። እኔን አየችኝ።

ቆረስኩ። ጠቀለልኩ። እጄን ዘረጋሁ። ክርኔ ከመሐል ሲደርስ ያዘኝ፤ ጥርሴን ነከስኩ፤ ተላቀቀ። ከንፈሯ ደረሰ። ጎረሰች። ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ አላመጠች፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ጉርሻ በአንድ እንደማይቆም ማንም ያውቃል። ሁለተኛዋን ጠቀለልኩ። እጄ ግን ያላትን ጨርሳ ነበር። መንገድ ላይ ተንቀጠቀጠችና ፍትፍቱ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ። ልደግም ስል ይታይሽ እጄን ያዘችኝ።

«ደክማለች፤ አታስጨንቃት። ሁለተኛዋ ለነገ ትቆየኝ» አለች። እየሳቀች «ያንተ ጉ አሁንም የታመመች ናት» አለችኝ።

በማግስቱ ትኩሳቱ አልነበረም፤ ግን እንቅልፍ ላይ ነበረች፤ ትተኛ ብለን አልቀሰቀስናትም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተመለሰባት። ከፊተኛው የባሰ ነበር። አያ ፈንታ በሩ ላይ ቆሞ፣ ከአፉ እንዳመለጠው ሁሉ፣ «ግርሻ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ አፏ ለምግብ አልተከፈተም። ሣጥኗን እኔ ሠራሁት። ቀኝ እጄ መሮውን ያዘች፤ አልጣለችውም።

ልቅሶው ላይ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «ሆዷ ሳይጠና አጉርሷት ነው ግርሻው የመጣው» አሉ። ሁለቱ ቃል አንድ ላይ፣ አጥርተው፣ በጎጃም አማርኛ።

መስቀል እንዳለፈ ሞጣ ሄድኩ። እትዬ ጫልቱ ብቻዬን ሲያዩኝ ገባቸው። ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። ያቺ አንዲት ጉርሻ ናት ወይ የገደለቻት?

«አይደለችም» አሉ። «ያ ትኩሳት ጠባዩ ነው። ሄደ ሲሉት ይመለሳል። የሚያመጣው ቅማል ነው፤ እህል አይደለም። ካላመንከኝ ድሬሰሩን ጠይቀው።» ከዚያ አፋቸውን እየጠበቁ፣ ቃሉን እንደ እንቁላል ይዘው፣ «ግ-ር-ሻ-ውን» አሉ፣ «ጉርሻው አላመጣውም።» ሁለቱን ለይተው ሲጠሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። ድሬሰሩንም ጠየቅሁት። ያንኑ አለ። አምናቸዋለሁ። ቀን ቀን አምናቸዋለሁ።

ቢቸና አልተመለስኩም። አያ ፈንታ መጥቶ ለምኖኛል፤ ቀና ብዬ አላየሁትም። ይህን ስጽፍም ይቅር አላልኩትም፤ ያለውን ነው የምጽፈው። አሁን ለእትዬ ጫልቱ የምሠራው አግዳሚ፣ ዘንግ፣ ዝቅ ያለ አልጋ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ ደግሞ ቤተሰቡን የማሳየው እኔ ነኝ። አጎንብሰህ አንሣው፤ አሁን አሳየኝ። ተረከዙን አትልቀቂው፤ አሁን አሳዪኝ። ጉርሻ የሚባለው ይሄ ነው፤ አሁን ምን እንደከለከልኩሽ አሳዪኝ። ጨካኝ ነው ይሉኛል። ይበሉ።

ለናንተም የምለው ይኸው ነው። የታመመባችሁ ሰው የሚችለውን ነገር አትቀሙት። ሲያበላሽ እዩት፣ ሲያፈስ እዩት፣ ዝም በሉ። የተነገራችሁ ቃል ግራ ካጋባችሁ፣ ተናጋሪው አማርኛ አይችልም ብላችሁ አታርሙት። ተመልሳችሁ ጠይቁት። ወንዝም ቢሻገር ተመለሱ።

በቀደም አንድ ጎልማሳ ገበሬ አመጡ፤ ቀኝ ጎኑ ነው፣ እንደኔ። ሚስቱ ገና ልጅ ናት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እንጀራውን ጠቅልላ ወደ አፉ ስትወስድ ደረስኩባትና እጇን ያዝኩ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ጋሼ፣ አንዲት ብቻ» አለችኝ።

«አይሆንም» አልኳት። «እሱ ነው የሚያጎርስሽ። ዓመትም ቢፈጅ ትጠብቂዋለሽ።»

ጉርሻዋን መልሳ መሶቡ ላይ አስቀመጠች። ልሄድ ተነሣሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ ተመለስኩ።

«ያጎረሰሽ ቀን ግን» አልኳት፣ «ሁለተኛዋን ለነገ አታቆዪ።»